የስድስተኛው አልጋ ምስክር

ሐኪሟ ሞታ የተገኘችው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ጎን ባለችው ጠባብ ማረፊያ ውስጥ ነው። በጎኗ ተኝታለች። ጫማዋን አውልቃ ከአልጋው ሥር ጎን ለጎን አስቀምጣዋለች። ግራ ክንዷ ላይ በፕላስተር የተያዘ፣ መድኃኒት ወደ ደም ሥር የሚገባበት ካኑላ አለ፤ ከእሱ የሚነሳው ቀጭን ቱቦ መስኮቱ ላይ ከተሰቀለ፣ ገና ግማሹ ካላለቀ የግሉኮስ ከረጢት ጋር ተያይዟል። ከአልጋው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ አንድ መርፌና ሁለት ባዶ የማስተኛ መድኃኒት ብልቃጦች ተቀምጠዋል። ትራሷ ላይ ደግሞ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነበር።

«ደክሞኛል። የሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬን በገዛ እጄ ማፍረስ ቀላል አይደለም፤ ግን ከዚህ በላይ ተሸክሜው መኖር አልችልም። ይቅርታ አድርጉልኝ።» ከሥሩ ፊርማዋ አለ።

«እትዬ፣ ይሄ እንኳ ብዙ የሚያደክም አይመስለኝም» አለ ሳጅኑ ወረቀቱን አንብቦ። «ጽሑፉ የራሷ ነው፣ መድኃኒቱንም ታውቀዋለች። በቃ፣ ራሷን ነው።»

«ቆይ» አለች ኢንስፔክተሯ።

ጣቢያው ውስጥ «ወይዘሮ ቆይ» የሚሏት በዚህ ምክንያት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሊነሳ ሲል «ቆይ» እያለች ያስቀመጠች ሴት ናት። አሁን ጡረታዋ ሦስት ወር ቀርቶታል፤ ጉልበቷ ደረጃ ሲያይ ይማረራል፤ ሥራው ራሱ ሰልችቷታል። ቢሆንም ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ የሐኪሟ ቦርሳ ውስጥ ካገኘችው የጽሕፈት ደብተር ጋር ገጥማ አየችው። ወርዱ እኩል ነው። ቁመቱ ግን በአንድ ጣት ያህል ያንሳል። የላይኛው ጠርዝ በመቀስ ተቆርጧል።

ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ከተተችውና ወደ ሕሙማኑ ክፍል ገባች።

ክፍሉ ረጅም ነው፤ ስምንት አልጋዎች አሉት። የነርሶቹ ጠረጴዛ በአንደኛው ጫፍ ነው። ማረፊያዋ ክፍልና ሐኪሞች የሚገቡበት የጓሮ በር በሌላኛው ጫፍ፣ ስድስተኛው አልጋ ፊት ለፊት ናቸው። ሁሉም «ሲስተር» የሚላት ዋና ነርስ እጆቿን ጭኗ ላይ ጥላ ተቀምጣለች።

«ካኑላውን ማን አስገባላት?»

«እኔ ነኝ። ከትናንት ጀምሮ ያተኩሳታል፣ እህል አልቀምስም ብላለች። ቤትሽ ሂጂ ብላት ጆሮ አልሰጠችኝም። እንግዲያው ግሉኮስ ልስቀልልሽና ትንሽ ጋደም በይ አልኳት። ስምንት ሰዓት ከሩብ ቢሆን ነው።»

«ትጣሉ ነበር አሉ።»

ሲስተር ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ሃያ ዓመት ነዋ! ድሮ በሽተኛው ማስተኛ ይሰጠዋል፣ ቀንና ሌሊት ይተኛል፣ እኛም እፎይ እንላለን። እሷ መጣችና፣ አታስተኟቸው፣ መነጽራቸውን አድርጉላቸው፣ ቀኑን ንገሯቸው፣ መስኮት ክፈቱላቸው አለች። የነቃ በሽተኛ ቱቦ ይነቅላል፣ ይሳደባል፣ ይማታል። ይቺ የፊት ጥርሴ የሰው ሠራሽ ናት፤ በሷ ምክንያት ነው።» ጥርሷን በጣቷ ነካች። «ግን ከዚህ ሲወጡ ልጆቻቸውን በስም ጠርተው ነው የሚወጡት። ምን ልበላት ታዲያ?»

«ከስምንት ሰዓት በኋላ ምን ሆነ?»

«የጸጥታ ሰዓት ነው። እሷ ያመጣችው ነው። ከስምንት እስከ አሥር መብራት ይቀነሳል፣ በየአልጋው መጋረጃ ይሳባል። ማሽን ካልጮኸ በቀር እኛ ከዚህ ጠረጴዛ አንነሳም። ዛሬ ሦስታችንም እዚሁ ነበርን። በዚያ ሰዓት እሷ ብቻ በየአልጋው እየዞረች ትፈትናቸዋለች።»

«ምን ብላ?»

«እጃቸውን ትይዛለች። ፊደል እየጠራች "ለ" ስል ጭመቁኝ ትላቸዋለች። ቀልቡ ያለ ሰው በልኩ ይጨምቃል። የሚቃዠው ወይ ይረሳዋል፣ ወይ በየፊደሉ ይጨምቃል። ውጤቱን ቅጽ ላይ ትሞላለች።»

«ዛሬስ?»

ሲስተር ቅጹን ከጓሮው በር አጠገብ ካለው ሳጥን አምጥታ ሰጠቻት። ስምንቱም አልጋ ተሞልቷል፤ ምልክትና ቁጥር ብቻ ነው፣ ከታች አጭር ፊርማ። ሰዓቱ ዘጠኝ ከአሥር ይላል። «ስትዞር አላየኋትም» አለች። «መጋረጃ አለ፣ እሷ ደግሞ ኮቴዋ አይሰማም። ቅጹን ሳይ፣ ተነስታ ዞራ ተመልሳ የተኛች መሰለኝ። አሥር ሰዓት ላይ ልቀሰቅሳት ስገባ...»

«መድኃኒቱ የት ነው የሚቀመጠው?»

«እዚያ ስድስተኛው አልጋ አጠገብ ያለው ጋሪ ላይ። ቀን ቀን አይቆለፍም። በየደቂቃው እየተከፈተ እንዴት ይቆለፋል?»

ሁለተኛው ያነጋገረችው ሰው ከሐኪሟ ጋር በዚሁ ፈተና ላይ ጥናት የሚሠራው ወጣት ሐኪም ነበር። ክፍሉ ሁሉ «ረዳቱ» ይለዋል። አረንጓዴ የሥራ ልብሱ ተጨማዷል፣ ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«በጸጥታው ሰዓት የት ነበርክ?»

«የኋላ ደረጃ ላይ ተኝቼ ነበር። ሠላሳ ሰዓት ሙሉ ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«ማን አየህ?»

«ማንም።»

«"ሥራዬን በገዛ እጄ ማፍረስ" ስትል ምን ማለቷ ነው?»

ልጁ ወደ መሬት አየ። «አላውቅም» አለ፤ ግን ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። ኢንስፔክተሯ ደረጃውን ሁለቴ አርፋ ወጣችው። ኃላፊው ከረባቱን እያስተካከለ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላት። ከሟቿ ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል። ግድግዳው ላይ የሁለቱ ስም ያለበት፣ በሽተኛን ሳያስተኙ ማከም ቅዠትን ይቀንሳል የሚል፣ ከሁለት ዓመት በፊት የታተመ ጥናት በመስተዋት ተሰቅሏል፤ የእሱ ስም ይቀድማል። በሚቀጥለው ሳምንት አዲሱን የምርምር ማዕከል ሊመራ ተሹሟል።

«ስትደክም አየኋት፤ ግን እንዲህ ትጨክናለች ብዬ አላሰብኩም» አለ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማዶ ሕንጻ ስብሰባ ነበረኝ። እስከ አሥራ አንድ ከሃያ ሰው ጋር ተቀምጬ ነበር። እሷ እኮ ዘጠኝ ከአሥር ላይ በደህና ዞራ ቅጹን ሞልታለች። ከዚያ በኋላ ነው ያደረገችው ማለት ነው።»

ኢንስፔክተሯ ስለ ሰዓት ገና አልጠየቀችውም ነበር። ጠረጴዛውን አየች። መቀስ፣ ማኅተም፣ ጠርዙ አቧራ የለበሰ ያልተጻፈበት የቅጽ ጥራዝ። አቧራው ከላይኛው ገጽ ላይ ብቻ ተጠርጓል። አመስግናው ወጣች።

ሳጅኑ ከታች እየሮጠ መጣ። «እትዬ፣ ምስክር ተገኘ! ስድስተኛው አልጋ ላይ ያሉት አባባ፣ "ረዳቱ ነው፣ ረዳቱ ነው" እያሉ ይጮኻሉ።»

ሽማግሌው አርባ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ሳንባቸው ታሞ ከገቡ አሥራ ሁለት ቀናቸው ነው። ሴት ልጃቸው ጎንበስ ብላ የመስሚያ መሣሪያቸውን ጆሯቸው ላይ እያደረገችላቸው ነበር።

«አሁን ገና ነው ያመጣሁት» አለች። «ሳምንቱን ሙሉ ሲያቋርጥ ሰንብቶ፣ ዛሬ ጭራሽ ዝም አለ። ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ጠጋኝ ቤት ነው የዋለው።»

ከራስጌያቸው በላይ በሐኪሟ እጅ የተጻፈ ትንሽ ካርድ ተለጥፏል፤ «አይሰሙም። በሥዕል ይፈተኑ» ይላል። ቀኑ የሰኞ ነው።

«አባባ፣ ረዳቱ ምን አደረገ?» አለች ኢንስፔክተሯ ጆሯቸው ሥር ቀርባ።

«ነዳጅ ቀዳ! እዚህ ጎኔ ቆሞ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ! ደግሞ ከረባት አድርጓል። ከረባት አድርጎ ነዳጅ ይቀዳል? እንዲህ ያለ ረዳት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።»

«ሰሙ አይደል እትዬ?» አለ ሳጅኑ በሹክሹክታ። «ልጁን ልያዘው?»

ሽማግሌው ዞር ብለው አፈጠጡበት። «አንተ ረዳት! ምን ቆመህ ታየኛለህ? ውረድና የኋላውን ጎማ እየው!»

ልጃቸው ከሐዘኗ መካከል ሳቅ አመለጣት። «ከታመመ ወዲህ ሰው ሁሉ ረዳቱ ነው። ትናንት እኔንም ከመኪናው አውርዶኛል።»

ሳጅኑ አፈረ። ኢንስፔክተሯ ግን አልሳቀችም። እናቷ ሆስፒታል በነበሩ ጊዜ፣ «አንድ ሰው ብርድ ልብሴን እየወሰደ ነው» ይሏት ነበር። «ማንም አይወስድም፣ ተኚ እማዬ» እያለች ዝም ታሰኛቸው ነበር። በስምንተኛው ቀን ሞቱ። ብርድ ልብሱ በእርግጥ ይወሰድ እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቅም። አንድ ጊዜ እንኳ አልጋውን ገልጣ አላየችም።

በማግስቱ ጠዋት የሟቿን ባለቤት ቤታቸው ድረስ ሄዳ አገኘቻቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። የሐኪሟ መጻሕፍት ከወንበር እስከ መስኮት ተቆልለዋል፤ ለእንግዳ መቀመጫ ሲያስለቅቁ ጊዜ ወሰደባቸው።

«እንዴት ጀመረችው መሰለሽ እህቴ» አሉ። «ገና ወጣት ሳለች አንዲት ልብስ ሰፊ ከሞት አፍ አወጣች። ሁሉም አጨበጨበላት። ሴትየዋ በሦስተኛው ወር ተመልሳ መጣች፤ ባለቤቴ ልታመሰግን የመጣች መስሏት ነበር። "ያኔ እዚህ አስራችሁ ስታሠቃዩኝ ለምን ዝም አልሽ?" አለቻት። ያሠቃያት ሰው የለም፤ እጇን ያሰሩት ቱቦ እንዳትነቅል ነው። ግን በቅዠቷ ሌላ ነገር ሆኗል። ከዚያ ወዲህ መብራት ጠፍቶ መተኛት አልቻለችም። ቁልፍ መቁጠር አቅቷት ስፌቷንም ተወች። ባለቤቴ ያን ቀን ቤት ገብታ "እውነት አዳንኳት?" አለችኝ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ያንን ጥያቄ ስትሠራ ኖረች። ጓደኞቿ "የቅዠት ሐኪም" እያሉ ሳቁባት። ማታ ማታ በሽተኞቹ ያሉትን ሁሉ ትጽፋለች። የሚቃዥ ሰው ታሪኩን ይሳሳታል እንጂ ዕቃውን አይሳሳትም ትለኝ ነበር። "አንበሳ መጣብኝ" ካለ፣ አንበሳ የለም፤ ግን የሆነ የሚያገሳ ማሽን አለ፣ ሂዱና ፈልጉት ትላለች።»

ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን አሳየቻቸው። መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት። እንባቸው መጣ፤ ከዚያ ግን ግንባራቸው ተኮሳተረ።

«ለማን ነው የጻፈችው?»

«ለእርስዎ ነው የተባለው።»

«አይደለም። ሠላሳ ዓመት "አንተ" ስትለኝ የኖረች ሴት "ይቅርታ አድርጉልኝ" ትለኛለች? ልጅ የለንም፣ ወላጆቿ የሉም። ይሄ ለቤት ሰው የሚጻፍ ቋንቋ አይደለም። ይሄ ለመሥሪያ ቤት ነው።»

ኢንስፔክተሯ ተነሣች። «መምህር፣ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ብቅ ቢሉልኝ ደስ ይለኛል» አለች። «አስቸጋሪ ነው። ግን ቢሰሙት ይሻላል።»

ስምንት ሰዓት ላይ ሲስተር፣ ረዳቱ፣ ኃላፊውና መምህሩ በክፍሉ መሰብሰቢያ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ሳጅኑ ገና አልመጣም። ኢንስፔክተሯ ያመማትን ጉልበቷን ዘርግታ ጀመረች።

«የደም ምርመራው ደርሷል። የገደላት የማስተኛ መድኃኒት ነው፤ በካኑላው ነው የገባው። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ከስምንት ተኩል እስከ ዘጠኝ ተኩል ባለው ጊዜ ነው የሞተችው ይላል። ራሷን ነው የገደለችው እንዳንል፣ ይቺን ወረቀት እንያት። ከራሷ ደብተር የተቀደደች ናት፤ ግን ከላይ በአንድ ጣት አጥራለች። ምን ነበረ እዚያ? ደብተሯን አየሁት። ረጅም ደብዳቤ ስትጽፍ ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ቁጥር ከላይ ትጽፋለች። የተቆረጠው "፪" ነው። ይሄ የአንድ ደብዳቤ መጨረሻ ነው፤ መጀመሪያው ጠፍቷል። ለማን እንደነበረ ደግሞ መምህር ነገሩኝ፤ "አድርጉልኝ" ያለችው ለመሥሪያ ቤት ነው። የታተመው ጥናት እንዲሻር ለአሳታሚዎቹ የጻፈችው ነው። ተሳሳትኩ?»

የጠየቀችው ረዳቱን ነበር። ልጁ ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ።

«አልተሳሳቱም» አለ። «ከየሦስቱ ቅጽ አንዱ ውሸት ነው። ወደ አልጋው ሳልሄድ የሞላሁት ነው። ባለፈው ሳምንት ደረሰችበት። አልጮኸችብኝም። "ስንቱ ነው?" ብቻ አለችኝ።»

«አንተ!» አለች ሲስተር ከወንበሯ ብድግ ብላ።

«ቆይ» አለች ኢንስፔክተሯ። «አሁን ወደ ትናንቱ ቅጽ እንምጣ። ዘጠኝ ከአሥር ላይ ዞረች ይላል። ስድስተኛው አልጋ ላይ "ፊደል ሰምተው ከአሥሩ ስምንቱን በትክክል ጨምቀዋል" የሚል ምልክት አለ። ሽማግሌው ግን ከምሳ ጀምሮ መስሚያቸው ጠጋኝ ቤት ነበር። ነጎድጓድ ቢወርድ አይሰሙም። ደግሞም ከሰኞ ጀምሮ የሚፈተኑት በሥዕል ነው፤ ራሷ ጽፋ ለጥፋለች። ስለዚህ ቅጹን እሷ አልሞላችውም። በዘጠኝ ከአሥር እሷ ሞታ ነበር። ቅጹን የሞላው ሰው አልጋው አጠገብ ካርዱን አላነበበም፣ የሰኞውንም ለውጥ አያውቅም። ሲስተር ታውቃለች። ረዳቱም ያውቃል፤ ሳምንቱን ሙሉ ሥዕሉን ያሳያቸው እሱ ነው።»

ኃላፊው ከረባቱን ነካ አደረገ። «ሊያደናግር ብሎ ቢሞላውስ? ውሸት የመሙላት ልማድ ያለው እሱ ነው።»

«አስቤው ነበር። ግን ምን ያተርፋል? በስምንት ተኩልም በዘጠኝ ከአሥርም ብቻውን ደረጃ ላይ ነው ያለው። ሲስተርም ሁለቱንም ሰዓት ከሁለት ነርሶች ጋር ጠረጴዛዋ ላይ ናት። ሐኪሟ ዘጠኝ ከአሥር ላይ በሕይወት ነበረች መባሉ የሚጠቅመው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሃያ ሰው ያየው ሰው። ሳልጠይቀው ሰዓቱን የነገረኝ ሰው።»

ሲስተር ቀና ብላ ኃላፊውን አየችው።

«ይሄ ግምት ነው» አለ ኃላፊው።

«አንድ ያየ ሰው አለ። ሽማግሌው ረዳታቸው ከረባት አድርጎ ነዳጅ ሲቀዳ አይተዋል። ረዳት የሚሉት ሰውን ሁሉ ነው፤ ነዳጅም የለም። ግን አንድ ሰው በጓሮው በር ገብቶ፣ ጋሪው አጠገብ ቆሞ ከብልቃጥ ቀድቷል፣ ከረባትም አድርጓል። ሲስተር፣ በዚህ ክፍል ከረባት የሚያደርግ ማን አለ?»

«ክልክል ነው» አለች ሲስተር ቀስ ብላ። «በሽታ ያዛምታል። በሽተኛ አልጋ አጠገብ የሚሠራ ማንም አያደርግም።»

«ያበደ ሰው ቃል ለፍርድ ቤት ታቀርቢያለሽ?» ኃላፊው ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አላቀርብም። ቃላቸው የት መፈለግ እንዳለብኝ ነው የነገረኝ።»

በሩ ተከፈተና ሳጅኑ ከሆስፒታሉ የጥበቃ አለቃ ጋር ገባ። በእጁ በላስቲክ የተጠቀለለ የቅጽ ጥራዝ ይዟል። ኢንስፔክተሯ ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችው።

«ይሄ ከቢሮዎ የመጣ ነው። አሮጌው ቅጽ ነው፤ የሥዕል ፈተና የሚሞላበት መስመር የለውም። ክፍሉ ከሰኞ ጀምሮ አዲሱን ነው የሚጠቀመው። የትናንቱ ግን በአሮጌው ላይ ነው የተሞላው። ደግሞ እዩት፣ የላይኛው ባዶ ገጽ ላይ የብዕር ጫና ወርዷል። ስምንት መስመር፣ ዘጠኝ ከአሥር፣ ፊርማዋ። ጠንከር አድርገው ነው የሚጽፉት።»

ኃላፊው ጥራዙን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ የሆነ ነገር ከውስጡ የለቀቀ ይመስል ወንበሩ ላይ ዝቅ አለ።

«አንድ ሳምንት ብቻ ጠብቂ አልኳት» አለ። «ሹመቱ ይለፍ፣ ከዚያ እንደፈለግሽ አድርጊው። "በየአገሩ በዚህ ጥናት ቁጥር በሽተኛ እየታከመ ነው፣ እንዴት ልጠብቅ?" አለችኝ። ደብዳቤውን አሳየችኝና አብሬ አልፈርምም ስል ጥላልኝ ወጣች። "ሌላ ቅጂ አለኝ፣ ብቻዬን እልከዋለሁ" ብላኝ ነበር።»

«ባዶውን ሙላ ያለኝ እሳቸው ናቸው» አለ ረዳቱ ቀና ሳይል። «"ጥናቱ ሊዘገይ ነው፣ የታወቀ ነገር ነው፣ ሙላው" አሉኝ። ለሷ መናገር ፈራሁ።»

መምህሩ ወደ ኃላፊው ዞሩ።

«ነቅታ ነበር?»

«አልነቃችም» አለ ኃላፊው። «ተኝታ ነበር። በጣም ደክሟት ነበር።»

ሳጅኑ የኃላፊውን ክንድ ይዞ አስወጣው። ማንም አልተነሣም። ከግድግዳው ባሻገር የአንዱ አልጋ ማሽን መጮህ ሲጀምር ሲስተር ዓይኗን ጠርጋ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ኢንስፔክተሯ ከሦስት ወር በኋላ ጡረታ ወጣች። ጡረታ በወጣች በስድስተኛው ወር፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ መምህሩ ቤቷ መጡ። ኃላፊው ተፈርዶበታል፤ ጥናቱ ተሽሯል። ረዳቱ ከሥራ ታግዷል፤ ፈቃዱ ይመለስለት እንደሆነ ገና አልታወቀም። ሽማግሌው ሹፌር በእግራቸው ወጥተዋል፤ ስለዚያ ቀን ግን አንዳች አያስታውሱም፣ ከረባት የሚባል ነገር ሲነሣ ግራ ይገባቸዋል።

መምህሩ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ልጁ ውሸት የሆኑትን አንድ በአንድ ለይቶ አወጣልኝ» አሉ። «በየቀኑ እየመጣ፣ ዓይኔን ማየት እያፈረ። የቀሩትን፣ እሷ በእጇ የሞላቻቸውን ብቻ እንደገና አሰላኋቸው። አራት ወር ፈጀብኝ። መጀመሪያ ምንም አይቀርም ብዬ ፈርቼ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን ተቀበለች። ከቁጥሮቹ ብዙም አልገባትም።

«ምን ይላል?»

«የዘዴዋ ጥቅም ያኔ ካሳተሙት በግማሽ ያንሳል» አሉ መምህሩ። ደክመው ነበር። «ግን አለ፣ እህቴ። ትንሽ ነው፤ ግን እውነት አለ።»